በዘር የሚወረስ የበሽታ መከላከል ጉድለት ያለበት ሰው ሲያተኩሰው፦ ከቤት እስከ ድንገተኛ ክፍል

ሐዋሳ ውስጥ በሕፃናት ክፍል በነርስነት እሠራለሁ። ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «የልጃችን በሽታ የመከላከል አቅም ከተፈጥሮው የጎደለ ነው ተብለናል፤ ሌሊት ትኩሳት ሲነሣበት እስኪነጋ እንጠብቅ ወይስ ይዘነው እንውጣ?» መልሴ «ይዛችሁት ውጡ» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ያለ ዝግጅት የወጣ ቤተሰብ መንገድ ላይ ያተረፈውን ሰዓት ሐኪም ቤት ውስጥ መልሶ ያጣዋል፤ ተረኛው ባለሙያ ስለ ልጁ የሚነግረው ወረቀት ካላገኘ፣ እንደማንኛውም ትኩሳት እንደያዘው ልጅ የወባ ምርመራና ፓራሲታሞል አዝዞ ሊሸኘው ይችላል። ስለዚህ ከሚከተሉት ደረጃዎች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ልጁ ደኅና በሆነበት ቀን የሚከናወኑ ናቸው።

መመሪያው የተዘጋጀው ምርመራ ተደርጎ የጉድለቱ ዓይነት ለታወቀላቸው ሕፃናትና አዋቂዎች ነው። ገና ምርመራ ያልተደረገለት ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ጆሮው 4 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከታመመ፣ የሳንባ ምች 2 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከያዘው፣ አንቲባዮቲክ ለ2 ወር ያህል ወስዶ ካልተሻለው፣ በቆዳው ወይም በውስጥ አካሉ መግል የሚመላለስበት ከሆነ ወይም በቤተሰቡ ውስጥ ጨቅላ ሕፃናት በኢንፌክሽን ሞተው ከነበረ፣ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ቀርበው «በዘር የሚወረስ የመከላከል ጉድለት ይሆን?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ።

ችኮላው ለምን እንደሆነ በአጭሩ ላስረዳ። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ የገባን ባክቴሪያ አንቲቦዲዎች፣ ኮምፕሊመንት የተባሉት ፕሮቲኖችና ነጭ የደም ሕዋሳት እየተጋገዙ ያዘገዩታል። ከእነዚህ አንዱ ከተወለደ ጀምሮ በጎደለበት ሰው ግን የሚያዘገየው ነገር ስለሚቀንስ፣ ከትኩሳቱ መነሣት እስከ ደም መመረዝ ያለው ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ሊሆን ይችላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ዲጂታል ቴርሞሜትርና መለዋወጫ ባትሪ። በእጅ ዳሰሳ የሚደረግ ግምት ለዚህ ሰው አይበቃም።
• ሴኮንድ የሚያሳይ ሰዓት ወይም ስልክ።
• በሐኪም የተጻፈ ባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ (በደረጃ 2 ተብራርቷል)፣ የክትባት ካርድ፣ የቀድሞ የካልቸር (ከደም ወይም ከመግል የተወሰደ ባክቴሪያ በላቦራቶሪ አድጎ የሚለይበት ምርመራ) ውጤቶችና የመድኃኒቶች ዝርዝር፤ ሁሉም ውኃ በማያስገባ የፕላስቲክ ፎልደር ውስጥ።
• በልጁ ክብደት ልክ የታዘዘ ፓራሲታሞል ከነመለኪያው።
• ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ንጹሕ ጎዝና ሳሙና።
• ሌሊት የሚሠሩ የሁለት ሾፌሮች ስልክ ቁጥርና ለዚሁ ተብሎ የተቀመጠ ገንዘብ። ባጃጅ እኩለ ሌሊት ላይ እንደ ቀኑ አይገኝም፤ አንዱ ሾፌር ስልኩን ዘግቶ ቢተኛ ሌላው ያነሣል።

ሁሉንም በአንድ ቦርሳ አድርገው በር አጠገብ ይስቀሉት።

ደረጃ 1፦ የጉድለቱን ዓይነት በስሙ ይወቁ

«የደም ችግር አለበት» ወይም «አቅም የለውም» የሚለው አነጋገር ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም። እያንዳንዱ ጉድለት በሩን የሚከፍተው ለተወሰኑ ባክቴሪያዎች ነው፤ ስሙ ከታወቀ የትኛው ባክቴሪያ መጠርጠር እንዳለበትና የትኛው መድኃኒት መቅደም እንዳለበትም ይታወቃል።

አንቲቦዲ በማይመረትበት ጉድለት፣ ለምሳሌ በአጋማግሎቡሊኔሚያ፣ በብዛት የሚያጠቁት ኒሞኮከስና ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ የተባሉት ባክቴሪያዎች ሲሆኑ፣ የሚታመሙትም ጆሮ፣ ሳይነስና ሳንባ ናቸው። ሕፃኑ ከእናቱ የወሰደው አንቲቦዲ በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሚጠብቀው፣ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚገልጠው ከ6 ወር ዕድሜ በኋላ ነው። ዋናው ዓይነት በእናት በኩል ወደ ወንዶች ልጆች የሚተላለፍ ስለሆነ፣ በልጅነታቸው የሞቱ አጎቶች እንደነበሩ የእናትየውን ወገን ጠይቀው ይመዝግቡ።

ክሮኒክ ግራኑሎማተስ በተባለው በሽታ ነጭ የደም ሕዋሱ ባክቴሪያውን ይውጠዋል እንጂ የሚገድልበትን ኬሚካል ማምረት አይችልም። እዚህ የሚጠረጠሩት ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ፣ ሰራሺያ፣ በርክሆልደሪያና ኖካርዲያ ሲሆኑ፣ አስፐርጂለስ የተባለው ሻጋታም ይጨመርባቸዋል። መግሉ ጉበት፣ ንፍፊት፣ ሳንባና አጥንት ውስጥ ይቋጠራል። በአገራችን ያበጠ ንፍፊት ሲታይ ቀድሞ የሚታሰበው ቲቢ ነው፤ እነዚህ ልጆች በእውነትም ቲቢ ሊይዛቸው ስለሚችል ጥርጣሬው ስህተት የለበትም፤ ነገር ግን ናሙና ተወስዶ ካልቸር ሳይሠራ ለወራት የቲቢ መድኃኒት ብቻ መስጠት ስታፊሎኮከሱን ሳይነካው ያልፋል።

የመጨረሻዎቹ የኮምፕሊመንት ፕሮቲኖች የጎደሉት ሰው ዋና ጠላቱ የማጅራት ገትር መንሥኤ የሆነው ሜኒንጎኮከስ ነው፤ ከአንድ ጊዜ በላይም ሊይዘው ይችላል። ኢትዮጵያ በማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ስለምትገኝ፣ ይህ ጉድለት ያለበት ሰው ስለ ሜኒንጎኮከስ ክትባት ሐኪሙን ማነጋገር አለበት። የኢንተርሉኪን 12 እና የኢንተርፌሮን ጋማ መስመር (የመከላከያ ሕዋሳት እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡበት) የተበላሸባቸው ደግሞ የቲቢ መከላከያ በሆነው በቢሲጂ ክትባት ውስጥ ባለው ባክቴሪያና በሳልሞኔላ ይጠቃሉ። ከባድ ጥምር ጉድለት ያለበት፣ ማለትም ዋና ዋናዎቹ የመከላከያ ክፍሎች በአንድነት የጎደሉት ጨቅላ፣ ለሁሉም የተጋለጠ ነው።

አንድ ነገር ለብቻው ልብ ይበሉ። አይራክ 4 በተባለው ጉድለት ከባድ ኢንፌክሽን እያለ ትኩሳቱ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሃይፐር አይጂኢ በተባለው ደግሞ መግል የቋጠረው እብጠት ሳይሞቅና ሳይቀላ ሊያድግ ይችላል። ለእነዚህ ሰዎች ቴርሞሜትሩ ዝቅ ማለቱ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ዋናው መለኪያ የባሕርይና የአተነፋፈስ ለውጥ ነው።

ደረጃ 2፦ ባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ ያስጽፉ

ልጅዎን የሚከታተለውን ሐኪም የሚከተለውን እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ፦ የጉድለቱን ስም፤ የሚጠረጠሩትን ባክቴሪያዎች፤ ለስንት ዲግሪ ትኩሳት ወዲያውኑ መታየት እንዳለበት፤ በመጀመሪያ የሚሰጠውን አንቲባዮቲክና ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ከመላኩ በፊት ጤና ጣቢያ ላይ ሊሰጠው የሚችለውን፤ የማይስማሙትን መድኃኒቶች፤ መውሰድ የሌለበትን ክትባት፤ የሐኪሙን ስልክ። ከባድ ጥምር ጉድለት ላለበት ልጅ ደም ማስተላለፍ ካስፈለገ ደሙ በጨረር የታከመ መሆን እንዳለበትም ደብዳቤው ላይ ይጠቀስ። በዘር የሚወረስ እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አለመሆኑን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገርም ያስጨምሩ፤ ወረፋ ላይ ከሚነሣ ብዙ አላስፈላጊ ጥያቄ ያድንዎታል።

ቀኖቹ በኢትዮጵያ ወይስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደተጻፉ ይታይ። የልደት ቀን ሲቀየር ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ስለሚሆን፣ ለአንድ ታዳጊ የመድኃኒት መጠን በዕድሜ ሲታሰብ ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ «8 ሰዓት ላይ ተሰጠው» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ማስታወሻ በእኛ አቆጣጠር የሌሊቱን 8 ሰዓት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጠዋቱ 8 ሰዓት አይለይም።

ደብዳቤውን 3 ቅጂ ያድርጉ፦ አንዱ ቦርሳው ውስጥ፣ አንዱ ትምህርት ቤት፣ አንዱ ደግሞ ልጁን በሚጠብቁት አያት ወይም አክስት እጅ ይሁን። በስልክዎም ፎቶ ያንሡት። ወደ አዲስ አበባ ለክትትል ሲሄዱም ይያዙት፤ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ላይ ትኩሳት ቢነሣ፣ ማንም በማያውቃችሁ ከተማ የሚያስተዋውቃችሁ እርሱ ነው።

ደረጃ 3፦ ጤነኛ በሆነበት ቀን መነሻውን ይመዝግቡ

ለሦስት ቀን ጠዋትና ማታ የሰውነቱን ሙቀት ይለኩ፤ ተኝቶ ሳለም ትንፋሹን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። ክብደቱንም በየወሩ ይጻፉ። የሳንባ ችግር የቆየበት ልጅ ጤነኛ በሚባልበት ቀንም ትንፋሹ ፈጠን ያለ ሊሆን ስለሚችል፣ መነሻው ካልታወቀ የዛሬው ቁጥር አዲስ ይሁን የቆየ መለየት አይቻልም።

ደረጃ 4፦ ከማንኛውም መድኃኒት በፊት ይለኩ

ልጁ ከተሸፈነበት ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ያውጡት፤ ብብቱን ከላብ አድርቀው ጥቂት ይቆዩ፤ ከዚያ ቴርሞሜትሩን ብብቱ መሐል አድርገው ክንዱን ከጎኑ ጋር አስጠግተው ይያዙ፤ ድምፅ እስኪሰጥ አያውጡት። ውጤቱንና ሰዓቱን ይጻፉ። ደብዳቤው ሌላ ቁጥር ካልያዘ በቀር 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ውሳኔው ተወስኗል፤ ይውጡ።

ፓራሲታሞል ከለኩና ከጻፉ በኋላ ሊሰጥ ይችላል። አስቀድሞ ከተሰጠ ግን ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ትኩሳቱ በርዶ ይገኝና «አሁን ደኅና ነው» ይባላል። ፓራሲታሞል ሙቀቱን ያወርዳል እንጂ ባክቴሪያውን አይነካውም።

ደረጃ 5፦ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አደገኛ ምልክቶችን ይፈትሹ

ይህ ፍተሻ ለመቅረት ወይም ለመውጣት የሚያማርጡበት አይደለም፤ ሲደርሱ ምን ብለው እንደሚናገሩ የሚያውቁበት ነው።

• መጠጣት ወይም መጥባት ያቅተዋል? የወሰደውን ሁሉ ያስመልሰዋል? አንቀጥቅጦታል? ለመንቃት ይቸግረዋል?
• ትንፋሹ በደቂቃ ስንት ነው? ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን 60፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ችግሩ የከፋ ነው።
• አንገቱን ማጎንበስ ያመዋል? ብርሃን ይረብሸዋል?
• ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ወጥቶበታል? በጠይም ቆዳ ላይ በቀላሉ ስለማይታይ መዳፉን፣ የውስጥ እግሩን፣ የዓይኑን ሽፋን ውስጠኛ ክፍልና ላንቃውን በብርሃን ይዩ። ኮምፕሊመንት የጎደለው ሰው ላይ ይህ ከታየ አንድ ደቂቃም አይጠበቅም።
• እጅና እግሩ ቀዝቅዟል? ከ6 ሰዓት በላይ ሳይሸና ቆይቷል?
• በቀኝ ጎድኑ ሥር ሕመም፣ በቆዳው ላይ እብጠት ወይም ቢሲጂ በተከተበበት ክንድ በኩል የብብት ንፍፊት አለ?

ደረጃ 6፦ ይውጡ

ሐዋሳ ከተማ ውስጥ ከሆኑ በቀጥታ ቀን ከሌሊት ድንገተኛ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ፤ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና አዳሬ ሆስፒታል በከተማው ውስጥ ይገኛሉ። ልጁ ክትትል የሚያደርግበት ሆስፒታል ቅርብ ከሆነ ግን ካርዱ ያለበትን ያስቀድሙ። ከከተማው ርቀው የሚኖሩ ከሆነ በአቅራቢያዎ ባለው ጤና ጣቢያ የመጀመሪያው የአንቲባዮቲክ መርፌ ተሰጥቶት የሪፈር ወረቀት ይዘው መቀጠል፣ ያለ መርፌ ረጅም መንገድ ከመሄድ ይሻላል። መንገድ ላይ ልጁ መጠጣት ከቻለ ጥቂት በጥቂት ያጠጡት።

ደረጃ 7፦ ትሪያጅ (በሽተኞች እንደ ሕመማቸው ክብደት የሚለዩበት ቦታ) ላይ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ይለማመዱ

ብዙ እናቶች ታሪኩን ከመጀመሪያው ይጀምሩታል፤ መቼ እንደተወለደ፣ ምን እንደበላ፣ ማን እንዳየው። ተረኛው ነርስ ሌሎች አሥር ሰዎች ስለሚጠብቁት ሳያዳምጥ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ይበሉ፦ «ይህ ልጅ በዘር የሚወረስ የበሽታ መከላከል ጉድለት አለበት፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ 38.6 ለክቼዋለሁ፤ ደብዳቤው ይኸው።» ከዚያ ዝም ብለው ደብዳቤውን ይስጡ። ሌላው በኋላ ይደርሳል። በሽተኛ ከሚያስልበት ወረፋ ለየት ያለ ቦታ እንዲሰጣችሁም በትሕትና ይጠይቁ።

ደረጃ 8፦ ናሙናው ከመድኃኒቱ ይቅደም፤ መድኃኒቱ ግን ናሙናውን አይጠብቅ

የደም ካልቸር ከመጀመሪያው አንቲባዮቲክ በፊት ቢወሰድ ባክቴሪያውን የማግኘት ዕድሉ ይጨምራል፤ ውጤቱም የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ይናገራል። እብጠት ካለም መግሉ ተጠርጎ ከሚጣል ወደ ላቦራቶሪ ይላክ። የካልቸር ጠርሙስ ከሌለ ወይም ደም መቅዳት ካስቸገረ ግን መርፌው ይሰጥ፤ ናሙና ፍለጋ አንድ ሰዓት ማጥፋት ከሚያስገኘው የሚያሳጣው ይበልጣል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጉዳይ ላይ ደርሰናል። በእኛ አካባቢ ትኩሳት ሲነሣ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ የሚታዘዘው ምርመራ የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት በባክቴሪያው ላይ ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ማምረት በማይችል ሰው ላይ ውጤቱ «ኔጋቲቭ» ቢሆን ምንም ትርጉም የለውም። በሌላ በኩል ኢሚዩኖግሎቡሊን በደም ሥር የሚወስድ ሰው ከለጋሾች የተገኘ አንቲቦዲ በደሙ ውስጥ ስላለ፣ ውጤቱ «ፖዘቲቭ» ቢሆንም የእርሱ ላይሆን ይችላል። በአንቲቦዲ ላይ የተመሠረተው የኤች አይ ቪ ፈጣን ምርመራም አንቲቦዲ በማያመርት ሰው ላይ «ኔጋቲቭ» ቢል አያስተማምንም። የወባ ምርመራ ግን ጥገኛ ተህዋሲውን ራሱን ወይም የእርሱን ፕሮቲን ስለሚፈልግ እንደማንኛውም ሰው ይሠራል። ወባ ቢገኝ እንኳ ባክቴሪያ የለም ማለት ስላልሆነ፣ አንቲባዮቲኩ ይቅር ሲባል ምክንያቱን ይጠይቁ።

ደረጃ 9፦ ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ

የታዘዘውን አንቲባዮቲክ ትኩሳቱ ቢጠፋም እስከ መጨረሻው ይስጡ። የዚህ ሰው ሕክምና ከሌላው ረዘም ሊል ይችላል፤ በሦስተኛው ቀን ሲስቅና ሲጫወት አይታለሉ። በየቀኑ ለመከላከያ የሚወስደው ኮትሪሞክሳዞል በሕመሙ ጊዜ ይቀጥል ወይስ ይቋረጥ የሚለውን ሐኪሙ በጽሑፍ እንዲነግርዎ ያድርጉ። ኢሚዩኖግሎቡሊን በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወስድ ከሆነ፣ በቀጠሮው ዕለት ትኩሳት ካለው ከመጀመሩ በፊት ይናገሩ፤ ኢንፌክሽን እያለ ሲሰጥ የማንቀጥቀጥና የማተኮስ ምላሽ የማስከተል ዕድሉ ይጨምራል።

ማስጠንቀቂያዎች

ቢሲጂ ሕያው ባክቴሪያ የያዘ ክትባት ነው፤ የሚሰጠውም ሕፃኑ እንደተወለደ ነው። በቤተሰቡ ውስጥ ከባድ ጥምር ጉድለት፣ ክሮኒክ ግራኑሎማተስ ወይም የኢንተርፌሮን ጋማ መስመር ጉድለት ካለ፣ ለሚወለደው ሕፃን ቢሲጂ ከመሰጠቱ በፊት ለማዋለጃ ክፍሉ በጽሑፍ ያሳውቁ። ቤት ለቤት የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታም ሕያው ስለሆነ፣ ለእርሱም ሆነ አብረውት ለሚኖሩ ሕፃናት ከመሰጠቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ። በመርፌ የሚሰጡት ሕያው ያልሆኑ ክትባቶች ግን «ልጁ ደካማ ነው» ተብለው አይቅሩ።

እንጥል ማስቆረጥ፣ የወተት ጥርስ ማስነቀል፣ ብጉንጅ በጋለ ብረት መተኮስ ወይም ቅቤና እበት መቀባት ለዚህ ሰው ባክቴሪያን በቀጥታ ወደ ደም ማስገባት ነው። ብጉንጁን አያፍርጡት፤ በጎዝ ሸፍነው ያሳዩት።

ወተት ይፈላ፤ ሥጋና ዕንቁላል ይብሰል። የሐዋሳ ሰው አሞራ ገደል ሲወርድ ጥሬ ዓሣ በዳጣ ሳይቀምስ መመለስ እንደማይወድ አውቃለሁ፤ ይህ ልጅ ግን የተጠበሰውን ይብላ።

ክሮኒክ ግራኑሎማተስ ያለበት ሰው የከብት ማደሪያ አይጥረግ፣ ድርቆሽ አይገልብጥ፣ ኮምፖስት አያገላብጥ፣ ወለል በእበት ሲለቀለቅም አጠገቡ አይቁም። ከእነዚህ የሚነሣው ብናኝ ብዙ ሻጋታ ስለሚይዝ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከባድ የሳንባ ሕመም ሊያስከትል ይችላል።

ለልጅ አስፕሪን አይስጡ። ዊስኮት አልድሪች የተባለው ጉድለት ያለበት ልጅ የደም መርጊያ ሕዋሶቹ ጥቂት ስለሆኑ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ደም ሊያፈሱበት ይችላሉ።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

ቤት ውስጥ ከባለፈው የተረፈ አንቲባዮቲክ መስጠት ቀዳሚው ነው፤ ካልቸሩን ያበላሻል፣ ሕመሙንም ሳያድነው ይሸፍነዋል። ፋርማሲ ሄዶ «ለትኩሳት የሚሆን ጠንከር ያለ» መጠየቅም ከዚህ አይለይም።

ሁለተኛው፣ ትኩሳቱ በፓራሲታሞል ሲወርድ ከመንገድ መመለስ ነው። ወላጅ ሦስት ሩብ መንገድ ከሄደ በኋላ ልጁ ላብ አላብቶት ሲበርድ ደስ ብሎት እንደሚመለስ አይቻለሁ፤ ሲመለስ ደግሞ በማግሥቱ እንደገና ይመጣል፤ ያኔ ግን ልጁ መቀመጥም አቅቶት ነው።

ኢሚዩኖግሎቡሊን በፍሪጅ ማቀዝቀዣው ክፍል ማስቀመጥም ይታያል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚሆነው መደርደሪያ እንጂ በረዶ በሚሠራበት አይቀመጥ፤ ከረጋ በኋላ ቢቀልጥም አይሰጥም።

የመጨረሻው የካልቸር ውጤትን አለመውሰድ ነው። ውጤቱ ከ2 እስከ 5 ቀን ስለሚወስድ ብዙ ቤተሰብ ልጁ ተሽሎት ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ አይመለስበትም። ከመውጣትዎ በፊት የላቦራቶሪውን ቁጥር ጽፈው ይያዙ፤ በአምስተኛው ቀን ይሂዱ፤ ባክቴሪያው የሚሸነፍባቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር የያዘውን ወረቀት ተቀብለው ፎቶ ያንሡና ዋናውን ፎልደሩ ውስጥ ከደብዳቤው ኋላ ያስገቡት።